ሁለቴና ያላለቀው ቋጠሮ

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰው የከተማውን ነዋሪ በመልኩ ሳይሆን በመንጋጋው ያውቀዋል። የእኛም ሰው እንዲሁ ነበር። ከጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ በስተኋላ ባለች ባለአንድ መስኮት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የጀሶ መንጋጋዎች ከመደርደሪያው ላይ አፋቸውን ከፍተው እየሳቁበት፣ እሱ አጎንብሶ ያንዱን ክራንቻ ሲሞርድ፣ የሌላውን ድድ ሲያለሰልስ ይውላል። ሠርቶ የጨረሰውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ይመረምራል። ከሥራ ሲወጣ በሩን ቆልፎ አሥር እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን ይጎትታል። መንገድ ሲሻገር፣ መኪና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያልፍበት መንገድ ቢሆንም፣ ግራና ቀኙን ሁለት ሁለት ጊዜ ይቃኛል። ወዳጆቹ «ሁለቴ» የሚል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሲሰማው ቅር ብሎት ነበር፤ ሁለተኛ ሲያስበው ግን ተስማማው።

ይህ ሰው እሑድ እሑድ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከተተወው የድንጋይ ማውጫ ማዶ በሚገኘው ስድሳ ሜትር ቋጥኝ ላይ በጣቶቹ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይገኛል ቢባል የሚያምን አይኖርም። ነገሩ ግን እውነት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወጥቶታል። እግሩ የሚያርፍባት ጉብታ እሱ ከሚሞርዳት ክራንቻ ባትበልጥም፣ በእርጋታ ይቆምባታል፤ ከእግሩ ሥር አሞራ ሲያልፍ እንኳ «እንደምን አደርክ» ሊለው የሚዳዳው ዓይነት ሰው ነው።

ጎረቤቶቹ «ነፍሱን የጠላ» ይሉታል። ታላቅ እህቱ፣ እሱ «እትዬ» የሚላቸው፣ የተለየ አስተያየት አላቸው። እትዬ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ወላጆቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሱ የአምስት ዓመት ሕፃን፣ እሳቸው የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበሩ። ለጋብቻ የጠየቃቸውን ሁሉ «ወንድሜን ላሳድግ» እያሉ ሸኝተው አሳደጉት። አሁን እሱ አርባ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እሳቸው ግን ማሳደጉን ገና አልጨረሱም። እሑድ ጠዋት ገመዱን በትከሻው ሲያነግት በሩ ላይ ይጠብቁታል።

«ዛሬም ልትሞት ነው?»

«አይ እትዬ፣ ልወጣ ነው።»

«በል ሹራብ ያዝ፤ እዚያ ላይ ይበርዳል። በሬ እንኳ ገደል የሚገባው ሳሩን አይቶ ነው፤ አንተ ምን አይተህ እንደሆነ እንጃ።»

ቋጥኝ የማይፈራው ሰው እህቱን ይፈራ ነበር። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ አንድም ቀን እጃቸውን አንሥተውበት አያውቁም። ነገር ግን ያለ እሳቸው ምክር አንድ ጫማ እንኳ ገዝቶ አያውቅም። የመውጫ ጫማውን ሳይቀር፣ ጣትን ጨምድዶ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራውን፣ እሳቸው በአውራ ጣታቸው የጫማውን አፍንጫ ተጭነው «ይጠብሃል» ብለው በአንድ ቁጥር ከፍ አስደርገውታል። እነሆ አሥራ አንድ ዓመት በሰፊ ጫማ ይወጣል።

ገደል የሚወጡ ሰዎች ከሩቅ ሲያዩአቸው ከእብድ የማይሻሉ ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ያያቸው ግን ከእነሱ የበለጠ ፈሪ ጉባኤ በከተማው እንደሌለ ይገነዘባል። የቋጥኝ መውጣት ክበቡ አሥራ አራት አባላት አሉት። ሊቀመንበሩ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ ጎልማሳ ሲሆን፣ በሃያ ዓመት አገልግሎቱ በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት የክበቡ ጠቅላላ ጉባኤ የሻይ ፔርሙሱ ክዳን ይቀየር ወይስ ይጠገን በሚለው ላይ ሁለት ሰዓት ተከራክሮ፣ ጉዳዩ አጣዳፊ ስላልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት አሳድሮታል።

ከክበቡ ልማዶች ሁሉ የከበረው ግን ሦስቱ ጥያቄ ነው። ገመዱ በቋጥኙ አናት በተተከለ የብረት ቀለበት አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንዱ ጫፍ በወጪው ወገብ ይታሰራል፣ ሌላው በገመድ ያዡ ቀበቶ ላይ ባለ የብረት መቆለፊያ አልፎ በእጁ ይሆናል። ወጪው አንድ እግሩን ከማንሣቱ በፊት ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው፣ ያዡ የወጪውን ቋጠሮ በእጁ እየዳሰሰ ይጠይቃል። «ቋጠሮ?» «አለ።» «መቆለፊያ?» «ተዘግቷል።» «ሐሳብ?» «እዚሁ ነው።» ሦስተኛው ጥያቄ የተጨመረው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ አንድ አባል የሚያፈስ ጣሪያውን እያሰበ ወጥቶ ቁርጭምጭሚቱን ከሰበረ ወዲህ። ጣሪያው እስከ ዛሬ ያፈሳል ይባላል።

የሁለቴን ገመድ የምትይዘው፣ ከክሊኒኩ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። ስድስት ዓመት ይዛለታለች። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከገመድ አልፏል፤ እሑድ ከቋጥኙ ሲወርዱ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ የከተማው የመጀመሪያ ቤት ሲታይ ይላቀቃሉ። እጁን ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው።

በዚህ መካከል ተመራማሪው መጣ። ወጣት፣ ትሑት፣ ከሸሚዙ ኪስ አራት እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነበር። የሚያጠናው አደገኛ ስፖርት የሚያዘወትሩ ሰዎችን ጠባይና ድፍረት ሲሆን፣ ራሱ ግን ከፍታ ሲያይ ይዞርበታል፤ ስለዚህ ከቋጥኙ ሥር ሃምሳ እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ቅጹን አደለ። ሠላሳ ጥያቄ ነው። ሌሎቹ በሩብ ሰዓት ሞልተው ሲጨርሱ ሁለቴ አንድ መልስ ላጲስ ነክቶበት ደብዝዟል ብሎ ሁለተኛ ቅጽ ጠየቀ።

በሚቀጥለው እሑድ ተመራማሪው ውጤቱን ይዞ ተመለሰ።

«ያልተጠበቀ ነገር ነው ያገኘሁት» አለ። «ከእናንተ አንዱ በጥናቱ ከተካፈሉት ሰዎች ሁሉ ዝቅተኛውን የድፍረት ነጥብ አምጥቷል። ከማነጻጸሪያው ቡድን እንኳ ያንሳል።»

«ማነጻጸሪያው እነማን ናቸው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች። ለምሳሌ ጥያቄ አሥራ አራት፣ ‹ውጤቱን አስቀድመው ሳያውቁ የፈጸሙት ትልቅ ነገር አለ?› ይላል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞቹ እንኳ ‹አንዳንድ ጊዜ› ብለዋል። እኚህ ሰው ‹በፍጹም› ነው ያሉት። ስም አልናገርም፤ የተሳታፊ ምሥጢር የተጠበቀ ነው። ሁለተኛ ቅጽ የጠየቁት ሰው ናቸው።»

አሥራ ሦስት የራስ ቁር ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ። «አይዞህ ሁለቴ፣» አለው ሊቀመንበሩ፣ «ቤተ መጻሕፍት ክፍት ቦታ ሲገኝ እንነግርሃለን።» ሁሉም ሳቀ፤ ፋርማሲስቷ ብቻ አልሳቀችም። ተመራማሪው ቀጥሎ፣ ለጥናቱ ማሟያ ከየአባሉ የቅርብ ዘመድ የሚሞላ ሌላ ቅጽ አደለና ለመጪው እሑድ እንዲመለስለት ጠየቀ።

ረቡዕ ዕለት ሁለቴ መድኃኒት ቤት ጎራ አለ። ፋርማሲስቷ ክኒን በማንኪያ እየከፈለች ቀና ሳትል ተናገረችው።

«አሥራ አራተኛውን እንዴት ‹በፍጹም› ትላለህ?»

«ምሥጢር ነው ብሎ ነበር እኮ።»

«ስድስት ዓመት ገመድህን ይዤ ቆሜአለሁ። አንተ እጄን ሰው ፊት ለመያዝ የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ነው የምትጠብቀው?»

«እትዬን እስካዘጋጃቸው ነው።»

«ምነው፣ ለቀዶ ሕክምና ነው የምታዘጋጃቸው?»

የሳል መድኃኒት የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ፣ ነገሩ እንዳያመልጠው ሳሉን አቆመ። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከመሳቢያው አንድ ደብዳቤ አወጣች። የሩቅ ከተማ ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍሉን እንድትመራ ጠርቷታል።

«ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። እስከ እሑድ ለእህትህ ከነገርካቸው እቀራለሁ። ካልነገርካቸው ሰኞ ጠዋት ፈርሜ እሄዳለሁ። እንደ አንተ ሁለቴ አልልም።»

ሽማግሌው ከጎኑ ሆኖ «እውነቷን ነው» አለና ሳሉን ቀጠለ።

የሁለቴ ችግር እትዬ ይቆጣሉ የሚለው አልነበረም። ቁጣቸውን ይችለው ነበር። የፈራው «እሺ» ብለው፣ ሥራቸው እንዳለቀ ሰው እጃቸውን አጣጥፈው እንዳይቀመጡ ነው። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ብቻ ሲቀመጥ በሐሳቡ ይታየዋል። ይህችን ብርጭቆ አንዴ ካያት ወዲህ አፉ እንደ ጀሶ ደርቋል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የዘመዱን ቅጽ አምጥቶ እህቱ ፊት አኖረው። እግረ መንገዱን ያን ጉዳይ ሊያነሣ ቆርጦ ነበር። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ፣ እርሳሱን ንቀው እስክሪብቶ አነሡ፣ የልደት ካርድ በሚሞሉበት ጥንቃቄ ጀመሩ።

«‹ዘመድዎ በችኮላ ይወስናል?›» ብለው አነበቡ። «ባለፈው ካልሲ ለመግዛት ሦስት ቀን አስበሃል። በፍጹም።» ምልክት አደረጉ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «‹ዘመድዎ ከእርስዎ የሚደብቀው ትልቅ ነገር አለ ብለው ያስባሉ?›» በመነጽራቸው አናት በኩል አዩት። «የምትደብቀኝ ነገር አለ?»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ይህ ነው። ሁለቴ አየር ሳበ። ልቡ ስድሳ ሜትር ላይ መትቶ በማያውቀው ዓይነት መታ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቃል ደግሞ ገመድ የለው፣ አንዴ ከለቀቁት የሚይዘው የለም። አፉን ከፈተ።

«ሻይ ልጨምርልዎት?» አለ።

«ጨምር» አሉና እትዬ ሳቁ። «አንተ ልትደብቅ? ሦስተኛ ክፍል ሳለህ ብርጭቆ ሰብረህ፣ እኔ ሳልጠይቅህ ለጎረቤት ሁሉ የተናገርክ ልጅ!» በስድስተኛው ጥያቄ አንጻር «በፍጹም» ላይ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ምልክታቸውን አሳረፉ። ከዚያም ቅጹን በፖስታ አሽገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «እኔ የሞላሁትን ወረቀት በሰው እጅ ልኬ አላውቅም። ነገ ራሴ አስረክበዋለሁ።»

በዚህ ዓይነት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ ወደ ቋጥኙ መጡ። የሊቀመንበሩ አውቶቡስ በአርባ ኪሎ ሜትር ፍጥነት አደረሳቸው። ከቋጥኙ ሥር ታጣፊ በርጩማቸውን ዘርግተው፣ ጃንጥላቸውን ከፍተው ተቀመጡ፣ ፖስታውንም ለተመራማሪው በእጁ ሰጡት። ከዚያ ፋርማሲስቷን ከእግር እስከ ራስ ቃኟት።

«እንደምን አደሩ እትዬ።»

«ደህና። ገመዱን የምትይዢው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ኪሎ ነሽ?»

«ሃምሳ አራት።»

«እሱ ሰባ ስምንት ነው» አሉ እትዬ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ።

ፋርማሲስቷ ወደ ሁለቴ ዞራ በዓይኗ ጠየቀችው። እሱ ዓይኑን ወደ ገመዱ ሰበረ። ገባት፤ አልነገራቸውም። ጉንጯ ቀላ፣ ከንፈሯን ነከሰች።

ቋጠሮው በሁለት ዙር የሚታሰር ነው። መጀመሪያ ገመዱ ተጠምዝዞ እንደ ስምንት ቁጥር ይሆናል፤ ጫፉ በወገብ ቀበቶው ካለፈ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን መንገድ ተከትሎ እስከ መጨረሻው ይመለሳል። ሁለቴ ይህን ከሺህ ጊዜ በላይ አስሯል። ስምንቱን ሠራ፣ ጫፉን በቀበቶው አሳለፈ፤ እዚህ ላይ ሲደርስ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት…» እያለ በልቡ የሚለማመደው ንግግር መጨረሻው ጠፋበትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው። እጁ ግን ሥራውን የጨረሰ መስሎት ተመለሰ። ሸሚዙም ወርዶ ሸፈነው።

«ቋጠሮ?» አለች ፋርማሲስቷ፣ በቁጣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ። አልዳሰሰችውም።

«አለ።»

«መቆለፊያ?»

«ተዘግቷል።»

«ሐሳብ?»

«እዚሁ ነው።»

ይህ ስሕተት ጀማሪ የሚሠራው አይደለም። ጀማሪ እየፈራ አሥር ጊዜ ያያል። አሥራ አንድ ዓመት «አለ» ሲል የኖረ ሰው ብቻ ነው የሌለውን «አለ» የሚለው።

አንድ ቁመት ያህል ወጥቶ፣ እጁን ሲዘረጋ ሸሚዙ ከወገቡ ከፍ ሲል፣ ከበርጩማው በኩል ድምፅ ተሰማ። «ቆይ አንተ። ውረድ።»

«እትዬ፣ ገና ጀመርኩ እኮ።»

«ውረድ አልኩህ። በቀስታ። ያ ቋጠሮ አላለቀም።»

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ እሱ እኮ ሁለቴ ነው የሚባለው።»

«ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ የእናንተን አላውቅም።»

ሁለቴ እንደ ልማዱ ታዘዘ፣ ወረደም። እትዬ ጃንጥላቸውን አጥፈው መጡና ሸሚዙን ገለጥ አድርገው የገመዱን ጫፍ በሁለት ጣት ሳቡት። ገመዱ፣ ፀጉር በማበጠሪያ እንደሚያልፍ፣ ከቀበቶው ውስጥ ሹልክ ብሎ ወጣ። አሥራ አራት ሰው አፉን በእጁ ያዘ። ሃምሳ እርምጃ ርቆ የቆመው ተመራማሪ ዞሮበት ተቀመጠ።

«አራት ሺህ እትብት አስሬአለሁ» አሉ እትዬ፣ ጫፉን እንደያዙ። «ያላለቀ ቋጠሮ ከሩቅ ይታወቀኛል። አሁን የሰማሁትን ልጠይቅህ። ሐሳብህ እዚሁ ነው ብለሃል። የት ነበር?»

«ፀሐዩ ነው እናቴ፣ ጠዋት ፊት ለፊት…» ሊል ጀመረ ሊቀመንበሩ።

«አንተ ሾፌር ነህ አሉ። የጠየቅኩት ተሳፋሪውን ነው።»

ሁለቴ ገመዱን አየ፣ ፋርማሲስቷን አየ። ነገ ጠዋት ትፈርማለች። ሊይዘው የሚችል ነገር ከላይም ከታችም አልነበረም።

«እርስዎ ጋ ነበር» አለ። «ላገባ ነው እትዬ። እሷን። ሁለት ዓመት ሆነን። ልነግርዎት ፈርቼ ነው።»

ፋርማሲስቷ የገመዱን ሌላ ጫፍ ለቀቀች። «ላገባ ነው? እኔም ገና አሁን ነው የምሰማው። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።»

እትዬ የያዙትን የገመድ ጫፍ መሬት ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ ተመራማሪው ዞሩ። «ልጄ፣ ቅጼን መልስልኝ። ስድስተኛው ስሕተት ነው።»

«እማማ፣ የተሰበሰበ መረጃ አይነካም፤ የጥናቱ ሥነ ምግባር…»

«በሕይወቴ ወንዱን ሴት ብዬ ፈርሜ አላውቅም። አምጣ።»

አመጣ። እትዬ ጉልበታቸው ላይ አድርገው «በፍጹም» የሚለውን ሰረዙና አዲስ ምልክት አደረጉ። በዚህ ጊዜ ምልክቱ ወረቀቱን አልበሳም። ሁለቴን ከቋጠሮው ይልቅ ይህ አስደነገጠው።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ብቻዎን እንዳይቀሩ ብዬ።»

«ስማኝ» አሉ እትዬ። «ያን ሁሉ ልጅ ሳዋልድ እትብቱን ከእናቱ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እናትየው ብቻዋን ትቀራለች ብዬ ሳልቆርጥ የተውኩት አንድም የለም። የአንተን ማዘግየቴን አሁን ነው ያወቅኩት።» አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉና ወደ ፋርማሲስቷ ዞሩ። «አንቺስ? እኔ ከዚያ ሆኜ ያየሁትን አንቺ ፊቱ ቆመሽ እንዴት ሳተሽ?»

«ተቆጥቼ ነበር።»

«የተቆጣ ሰው ገመድ አይይዝም፤ አያዋልድምም። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ። በል አንተ፣ ቆመህ ከምታየኝ ጠይቃት።»

ጠየቃት። የራስ ቁር ባጠለቁ አሥራ ሁለት ምስክሮች ፊት። እሷ መልስ በመስጠት ፋንታ ገመዱን አቀበለችው።

«መጀመሪያ ቋጠሮህን ጨርስ።»

አሰረው፤ በሁለቱም ዙር። በዚህ ጊዜ በጣቶቿ እየተከተለች ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው።

«ቋጠሮ?»

«አለ።»

«መቆለፊያ?»

«ተዘግቷል።»

«ሐሳብ?»

ሁለቴ አሰበበት። «የለም» አለ።

በክበቡ ታሪክ እንዲህ ብሎ የመለሰ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ደንቡን ከኪሱ አውጥቶ ገለጠ፤ «የለም» ለሚል አባል የተጻፈ አንቀጽ አጣ፤ ወዲያውም ክርክር ተነሣና ፔርሙሱ ያለ ክዳን ዞረ። ፋርማሲስቷ ግን ክርክሩን አልጠበቀችም። ቋጠሮውን በገዛ እጇ ፈታችው።

«እንግዲያው አንተም ዛሬ አትወጣም፣» አለችው፣ «እኔም ሰኞ አልሄድም።»

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ እትዬ ፋርማሲስቷን ከፊት ወንበር አጠገባቸው አስቀመጧት። ለደም ግፊት የሚውጡት ክኒን ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ እያሉ ሲጠይቋት ሁለቴ ከኋላ፣ ከገመዶቹ መካከል ተቀምጦ ግማሹን ብቻ ይሰማ ነበር። አጠገቡ የነበረውን ተመራማሪ ቀስ ብሎ ነካው።

«አሥራ አራተኛውን መቀየር ይቻላል?»

«ሦስተኛ ቅጽ?» አለ ተመራማሪው በድካም። አራተኛውን እርሳስ ግን ሰጠው። ሁለቴ «በፍጹም» የሚለውን ሰርዞ «አንድ ጊዜ» ብሎ ጻፈና ሳይመረምር መለሰለት።

«ሹራብህን ልበስ» አሉ እትዬ ከፊት፣ ዘወር ሳይሉ። «መስኮቱ ክፍት ነው።»

ፋርማሲስቷ ዘወር ብላ አየችው፤ ይለብስ እንደሆነ ለማየት። ለበሰው።